ሳልፈርድ የበላሁት ዳቦ

ኤል ሴሪቶ፣ መጋቢት 1986 እ.ኤ.አ.

ውድ ዓለምፀሐይ፣

ባልሽ ጋሻው ትናንት ደውሎ «ጋሼ፣ እርስዎን የሚያህል መምህር በሕፃን ልጅ ተሸነፉ፤ ፍርዱ አይጸናም» አለኝ። ስለዚህ የሆነውን በቅደም ተከተል ጽፌ ውሳኔዬን ከታች አኖራለሁ። ለእሱም አንብቢለት።

ልጅሽን መሠረትን ከትምህርት ቤት አውጥተሽ ቤት ታስተምሪያለሽ ሲሉኝ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ተቆጣሁ። አሥረኛ ክፍልን ሳትጨርስ የተሰደደች፣ ግማሽ ቀን የሆቴል አልጋ የምታነጥፍ እናት በምን ሙያዋ? ጥርስ የሚነቅልልሽ ሐኪም እንጂ ጎረቤት አይደለም። ሁለታችሁም «ጋሽ ዓባይነህ ያሉት ይሁን» ስትሉ፣ ልጅቷ ሰኞ ክፍሏ እንደምትገባ ቆርጬ ነው ሳን ሆዜ ቤታችሁ የመጣሁት።

እንደ አገራችን ሽማግሌ፣ ጉዳዩ ሳያልቅ እህል እንደማልቀምስ በር ላይ ተናገርኩ። እህል የቀመሰ ሽማግሌ ላበላው እሺ ብሏል ማለት ነውና። አንቺም የጋገርሽውን ድፎ ጠረጴዛው መሀል አኖርሽ።

ለምን እንዳወጣሻት ጠየቅሁሽ። አስተማሪዋ ስታናግራት መሬት መሬት ስለምታይ፣ አታዳምጥም ተብላ ከደካሞቹ ጋር መቀመጧን ነገርሽኝ። ትልቅ ሰው ፊት ዓይንሽን ስበሪ ብለሽ ያሳደግሻት ግን አንቺው ነሽ። ጋሻው ይህን ሲሰማ «አዩ ጋሼ፣ ያበላሸቻት እሷ ናት» ብሎ፣ ትምህርት ቤት ትመለስ ለሚለው ክርክሩ ማስረጃ ቆጠረው።

ከዚያ ልጅቷን ግማሽ ለሩብ ሲካፈል ስንት ይሆናል አልኳት። ወዲያው ደንቡን ነገርኳት፤ ሁለተኛውን ገልብጠሽ አባዢ። ትክ ብላ አየችኝና «ጋሼ፣ ባት ዋይ? ለምን ይገለበጣል?» አለች።

ደንቡ ነው አልኩ። ማን አለ አለችኝ። እንድትቆጪያት ወዳንቺ ዞርኩ፤ አንቺ ደግሞ «እኔም አላውቅም፤ እስቲ አሳዪኝ» አልሻት። ተማሪ ፊት «አላውቅም»! እኔ በማስተምርበት ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ሰሌዳ እጠርግ ነበር።

ልጅቷ ድፎውን ስባ ለሁለት ቆረጠች፤ ግማሹን እንደገና ለሁለት። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። አንደኛዋ ሩብ ከሌላዋ ትበልጥ ነበር፤ እኔ ደግሞ እንዲህ ያለውን ማለፍ አልችልም። እኩል ካልሆነ ሩብ አይባልም አልኳት። ትርፉን ከርክማ በእጄ አስያዘችኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ ሁለቱን ሳስተያይ እሷ «ግማሹ ውስጥ ሁለት ሩብ አለ፤ መልሱ ሁለት» አለች።

«ትክክል» አልኩ፣ እያኘክሁ።

ጋሻው ከበሩ ላይ ቀስ ብሎ «ጋሼ፣ ዳቦ በሉኮ» አለ። አንቺ ወደ መስኮቱ ዞረሽ ትከሻሽ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

እንግዲህ አፌ ፈርዷል የሚለው ካስቸገረ በእጄ ልፍረድ። ብቃት የለሽም፤ ይህን ሳልሸፋፍን እናገራለሁ። የእጅ ጽሕፈትሽ ወደ ጎን ይወድቃል፤ የሒሳብ መጽሐፉም ከአንቺ አንድ ምዕራፍ ይቀድማል። ነገር ግን እኔው ላስተምራት ብዬ፣ ይፈቀድልኝ እንደሆነ አንድ የትምህርት ቢሮ ደውዬ ጠየቅሁ። ያነሳችው ሴትዮ የአዲስ አበባው ምስክር ወረቀቴ እዚህ እንደማይቆጠር በትሕትና ነገረችኝ። በካሊፎርኒያ ዓይን እኔና አንቺ አንድ ነን። ይህን ለመዋጥ ከዳቦው ይልቅ ቸግሮኛል።

ሆኖም ያቺ መሬት መሬት ስታይ የነበረች ልጅ ቀና ብላ ለምን አለችኝ። ይህን ያስተማርሻት አንቺ ነሽ፤ እኔ አልችልበትም ነበር። ስለዚህ መሠረት ቤት ትቆይ። ጋሻው ይግባኝ ካለው ለእኔው ያቅርብ።

ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ እመጣለሁ፤ የማስተምረው ግን አንቺን ነው። ከክፍልፋይ እንጀምራለን። ፈተናሽን የምታርመው መሠረት ናት፤ በስልክ ጠይቄያት እሺ ብላለች። ለእናቷ ብላ እንደማታዳላም አስጠንቅቃኛለች።

አጥኚ።

አጎትሽ ዓባይነህ