ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተኝቼ በመገኘቴ ለተጻፈልኝ ማስጠንቀቂያ የቀረበ ምስጋና

ኤላ ሶራ፣ ግንቦት 3 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለክቡር ግራዝማች ኃይለመስቀል
የኤላ ሶራ ከተማ ሹም

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እጅ ነሥቼ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ባለቤትዎ ወይዘሮ የሺስ ደኅና ናቸው? በቅሎዋስ? ባለፈው ክረምት ሲቆረጥምዎት የነበረው ጉልበትዎስ? እንቅልፍዎስ እንዴት ነው? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ እንዲያው ለወጉ ያህል እንዳልጠየቅሁ ወደ ታች ሲወርዱ ስለሚረዱት ለጊዜው ይለፉት።

እኔ ወልደገብርኤል አበባየሁ ዕድሜዬ አርባ ስምንት ሲሆን፣ ሥራዬም ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ግራር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ መጻፍ መሆኑን ክቡርነትዎ ያውቃሉ። በከተማችን ሌላ ማመልከቻ ጸሐፊ ስለሌለ፣ ባለፉት አሥራ ስምንት ዓመታት እርስዎ ዘንድ የደረሰው ልመና፣ አቤቱታና ክስ ሁሉ ከእኔ ብዕር የወጣ ነው። የራሴን ጉዳይ ስጽፍ ግን ይህ ገና አራተኛዬ ነው። በአደባባይ የጻፍሁትና በግራሩ ግንድ ላይ የለጠፍሁትም ክቡርነትዎን ለማሳጣት ከቶ አይደለም፤ በግል የላክሁልዎ ሦስት ደብዳቤዎች እኔ ያጣሁትን እንቅልፍ አግኝተው መዝገብ ቤትዎ ውስጥ ተኝተው ስለቀሩ ነው።

ባለፈው ዓርብ በማኅተም ታትሞ የመጣልኝን ማስጠንቀቂያ በሁለት እጄ ተቀብያለሁ። በዚሁ ደብዳቤ ሚያዝያ 24 ለ25 አጥቢያ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «በገዛ ቤቱ፣ በገዛ አልጋው፣ ከባለቤቱ ጎን ተኝቶ ተገኝቷል» ተብዬ ተከስሻለሁ። እግዜር ያሳይዎ፣ ግራዝማች! የከብት ስርቆት ክስ ጽፌአለሁ፣ የድንበር መግፋት ጽፌአለሁ፣ በሰርግ ቤት ስለተሰነዘረ ጥፊም ጽፌአለሁ፤ ሰው ሌሊት ተኛ ተብሎ ሲከሰስ ግን ከራሴ በቀር አላየሁም።

ነገሩን የማያውቅ መንገደኛም ግራሩ ሥር ቆሞ ሊያነብ ስለሚችል ከሥሩ ልጀምር። አርባ አምስት ዓመት በሞላኝ ሰሞን እንቅልፌ ከእኔ ጋር ተጣላ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እንደ ሕፃን እተኛለሁ፤ ስምንት ተኩል ሲሆን ዓይኔ ቦግ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ቢያባብሉት ቢለምኑት እስኪነጋ አይከደንም። ያልሞከርሁት የለም። ባለቤቴ ሀረገወይን የላም ወተት አሙቃ አጠጣችኝ። ጎረቤታችን ቀድሪያ ደግሞ የግመል ይሻላል ብላ አንድ ጮጮ ሙሉ ሰጠችኝና ሌሊቱን ሙሉ ወደ ጓሮ ሲያመላልሰኝ አደረ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሐሳብ አታብዛ ብሎ ስላዘዘኝ፣ ሐሳብ እንዳላበዛ ሳስብ ነጋ። ከብት ነጋዴው ጂሎ በበኩሉ፣ አንቱ ሰውዬ፣ ዝም ብለው ከብት ይቁጠሩ፣ ቀዩን ዲማ እያሉ፣ ጥቁሩን ጉራቻ እያሉ፣ ግራጫውን ዳለቻ እያሉ በየቀለሙ ይለዩት ብሎ መከረኝ። ስቆጥር መቶ አርባ ላይ ስደርስ አንዲት ዳለቻ ጊደር ጠፋችብኝና የቀረውን ሌሊት እሷን ስፈልግ አደርሁ። ጠዋት ለጂሎ ብነግረው አዘነልኝ፤ መጨረሻ ያየኋት የት አካባቢ እንደሆነም ጠየቀኝ።

ከሁሉ የከፋኝ የማለዳው ሰላምታ ነበር። በአገራችን ሰው ሲገናኝ አካም ቡልቴ ብሎ እንዴት እንዳደሩ ይጠይቃል፤ እኔም ከደጄ እስከ ግራሩ ድረስ ለሠላሳ ሰው ናጋ፣ ናጋ፣ ደኅና ነኝ እያልሁ ሠላሳ ጊዜ ዋሽቼ ሥራ እገባ ነበር።

መዘዙ የመጣው ከደግነቴ ነው። ሹፌሩ ዓብዱልወሃብ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪናውን ሙቀቱ ሳይበረታ ለማድረስ ብሎ ወደ ነገሌ የሚነሣው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ አንድ ቀን ጂሎ መኪናው እንዳያመልጠው በሩን እንዳንኳኳለት ለመነኝ። መንቃቴ ካልቀረ ብዬ አንኳኳሁ። በሳምንቱ ስድስት ሰው ሆኑ፤ በወሩ ሃያ። በሦስተኛው ወር እርስዎ በማክሰኞ ገበያ ቆርቆሮ አስመትተው፣ ወልደገብርኤል ከዛሬ ጀምሮ የከተማው ቀስቃሽ ነው ብለው አወጁ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም ሞኙ ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ ነሣሁ። ስለዚህ ሹመት ያለኝን ምስጋና እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ለሥራው ማከናወኛ ይሆን ዘንድ አንድ ፊሽካና አንድ የጅብ ዱላ ከማኅተም ጋር ተሰጥቶኛል። ከዚሁ ጋር በተላለፈልኝ መመሪያ መሠረት ፊሽካው የክቡር ሹሙን ዕረፍት ስለሚያውክ እንዳይነፋ ተከልክሏል። ሰውን ድምፅ ሳያሰሙ መቀስቀስ የሚቻልበትን ዘዴ እስካሁን ባላገኘውም፣ ፊሽካውን በየሳምንቱ በአመድ እያሸሁ አሳምሬ ይዤዋለሁ።

፪ኛ/ የሚቀሰቀስ ሰው ማታ ሲለምን ትሑት፣ ሌሊት ሲቀሰቀስ ግን ሌላ ፍጥረት መሆኑን ከሹመቴ በፊት አላውቅም ነበር። በስምንት ወር አገልግሎቴ ሁለት ጫማና አንድ የውሃ ጣሳ ተወርውሮብኛል፣ በሁለት ቋንቋ ተሰድቤአለሁ፣ አንድ የተከበሩ ሽማግሌም ሞት የመጣባቸው መስሏቸው በቅድሚያ ልጃቸውን እንድወስድ ተማጥነውኛል። ሁሉም ተነሥቻለሁ ይላል፤ ተመልሶም ይተኛል። ስለዚህ አንዱን ሰው ሦስት ጊዜ መቀስቀስ ግድ ሆነብኝ።

፫ኛ/ ወደ ክሱ ልምጣ። በተባለው ሌሊት የበልጉ ዝናብ በቆርቆሮዬ ላይ ሲወርድ፣ ሳላስበው፣ ሳልለምነው፣ ከብት ሳልቆጥር ተኛሁ። ስነቃ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሆኗል፤ በአልጋዬ ዙሪያም ለቅሶ ተቀምጧል። ሀረገወይን በሦስት ዓመት ውስጥ ፀሐይ ወጥታ እኔን ተኝቼ አይታ ስለማታውቅ፣ ሞቷል ብላ ጮኻ ኖሯል። ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ ያየሁት ቀድሪያን ነው፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በአገሩ ሁሉ እንደኔ ያለ ደግ ሰው አልነበረም እያለች ታለቅሳለች። ተነሥቼ ስቀመጥ ግማሹ ሰው በመስኮት ወጣ። እኔ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ደስ አለኝ! እንዴት ልንገርዎ፣ አካሌ ሁሉ ታጥቦ የተሰጣ ያህል ቀለለኝ፣ ሀረገወይንን አቅፌ እንደ ልጅ አለቀስሁ። የዚያን ዕለት ጠዋት አካም ቡልቴ ላለኝ ሁሉ ናጋ ስል እውነቴን ነበር።

እግረ መንገዴን፣ ከተማው ሳይቀሰቀስ ቀረ መባሉ እንዲታረምልኝ አመለክታለሁ። በባለቤቴ ጩኸት ሰው ሁሉ ተነሥቷልና ተቀስቅሷል፤ አምስት ሰዓት ያህል ዘግይቶ እንጂ። መኪናውም ማንንም ጥሎ አልሄደም፤ ሹፌሩ ዓብዱልወሃብ ራሱ የሚነሣው እኔ ስቀሰቅሰው ነውና፣ ተሳፋሪዎቹ ሲደርሱ ጋቢና ውስጥ እግሩን በመስኮት አውጥቶ ያንኮራፋ ነበር። የተጎዳው ጂሎ ብቻ ነው፤ ነገሌ የነበረው የፍርድ ቤት ቀጠሮ አልፎት ለሐምሌ ተላልፎበታል። ለዚህ ከልቤ አዝናለሁ፤ እሱም ሊከሰኝ ፈለገ፤ መብቱ ነው። ሰባት ሆነው፣ ዓብዱልወሃብ መሪ ሆኖ፣ የክስ ማመልከቻ ሊያስጽፉ መጡ። በከተማው ማመልከቻ ጸሐፊ እኔ ብቻ ስለሆንሁ ወደ እኔ መጡ። አስቀመጥኋቸው፤ በራሴ ላይ ጻፍሁላቸው። ሥራዬ ነው፤ ደግሞም አሳምሬ ነው የጻፍሁት። ዓብዱልወሃብ ሲነበብለት እንባ አቅርሮ፣ ይህ ወልደገብርኤል የሚባለው ምን ዓይነት ጨካኝ ነው አለ። በማስጠንቀቂያዎ ውስጥ «አደራውን ከትራሱ በታች አድርጎ» የሚለውን ቃል በቀይ ቀለም አስምረውበት ሳይ፣ እንደ ጸሐፊ ኩራት ተሰማኝ።

፬ኛ/ ከእንግዲህ እንዳልተኛ በማሰብ፣ ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ አልጋዬን ትቼ በማዘጋጃ ቤቱ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ እንዳድር፣ ዘበኛው ጣዲቻም ዘወትር በዘጠኝ ሰዓት መንቃቴን እንዲያረጋግጥ አዘዋል። ጣዲቻ ጨዋ ሰው ነው። ትዕዛዙ በደረሰው ማታ ቤቴ መጥቶ፣ እሱ በዚያ ሰዓት በራሱ መንቃት ስለማይሆንለት፣ እኔ በስምንት ተኩል እንድቀሰቅሰውና እሱም በዘጠኝ እንዲቀሰቅሰኝ ለመነኝ፤ ተስማምተናል። ቀልዱ ግን እዚህ ላይ ያበቃል። ያችን አንዲት ሌሊት ቀምሻታለሁ፤ ሌላም ልትመጣ ትችላለች። በረንዳ ላይ ካሳደሩኝ ግን ፈጽሞ አትመጣም። እኔ የምለምነው ሌላ ምንም አይደለም፣ እንቅልፌ የመጣ ቀን አልጋዬ ላይ እንዲያገኘኝ ነው።

፭ኛ/ አምስተኛውን ረስቼዋለሁ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ይረሳል።

አሁን ከላይ ወዳቆየሁት ጥያቄ ልመለስ። ማስጠንቀቂያዎ በመጨረሻው አንቀጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ እኔው ራሴ በበረንዳዬ ሆኜ ስመለከት፣ አንድም ፋኖስ ሲያልፍ አላየሁም፣ አንድም በር ሲንኳኳ አልሰማሁም።» ይህን ሳነብ ደብዳቤው ከእጄ ወደቀ። በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ክቡርነትዎ በዚያ ሁሉ ዝናብ፣ በዚያ ሰዓት፣ በረንዳ ላይ ምን ያደርጉ ነበር?

ስምንት ወር ሙሉ በደጅዎ ሳልፍ መስኮትዎ ላይ መብራት አያለሁ፤ ለመንግሥት ሥራ የሚተጉ መስሎኝ በየቤቱ ስምዎን ሳነሣ ከርሜአለሁ። ወይዘሮ የሺም ለአንድ እንቅልፍ ለነሣው እንግዳ ነው ብለው ከቀድሪያ የግመል ወተት ካስወሰዱ አራት ወር አልፏል፤ እንግዳው እስከ ዛሬ አልሄደም። አይ ግራዝማች! ምነው ቢነግሩኝ? አገር ሙሉ ሰው ተኝቶ ብቻን ዓይን አፍጥጦ መቀመጥ እንዴት እንደሚከብድ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ቢጠሩኝ ኖሮ ዱላዬን ይዤ እመጣ፣ ሁለት ሆነን ቁጭ ብለን እስኪነጋ እናወጋ ነበር፤ ዳለቻዋንም አብረን እንፈልግ ነበር። እርስዎ ግን ፊሽካው ዕረፍቴን ይነሣኛል ብለው ከለከሉኝ። ከተማው ተኝቶ እርስዎ ብቻ ነቅተው ሳሉም ጎረቤትዎ የሆነውን የጂሎን በር አንድ ጊዜ አላንኳኩለትም፤ ቁጭ ብለው ደቂቃ መዘገቡብኝ።

በመሆኑም፣ ከእኔ ይልቅ ቀድመው የሚነቁ፣ ዝናብ እንኳ የማያስተኛዎት፣ ሰፊ በረንዳም ያለዎት ስለሆነ፣ የከተማው ቀስቃሽነት ሹመት ለክቡርነትዎ እንዲተላለፍ የአርባ አንድ ነዋሪዎች የጣት አሻራ ያረፈበት ማመልከቻ ከዚህ ጋር አያይዤ አቅርቤአለሁ። የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ በጣም ያምራል። መጀመሪያ የፈረመው ዓብዱልወሃብ ነው፤ አሁንም ሲነበብለት አልቅሷል።

ዕድሜና ጤና፣ ከሁሉም በላይ እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት የሚዘልቅ እንቅልፍ ይስጥዎ እያልሁ፣

እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ድረስ የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ ከዚያ ወዲያ ግን የሀረገወይን ባል ብቻ የሆንሁት፣
ወልደገብርኤል አበባየሁ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ የሺ (ለእንግዳው እንዲያነቡለት)
ለዘበኛ ጣዲቻ (ሲነቃ)

ያልተጠቃለለ ጉዳይ፦ ፊሽካውን ከዱላው ጋር አስሬ ልኬአለሁ፤ በአዲሱ ሹም እጅ ክልከላው የሚጸና አይመስለኝም። ሥራዎን ሲጀምሩም በመዝገብዎ ላይ እኔን በቅድሚያ ይመዝግቡኝ፤ የፊታችን ሐሙስ በዓብዱልወሃብ መኪና ወደ ነገሌ እሄዳለሁ። በዘጠኝ ሰዓት ተኩል መስኮቴን ቀስ አድርገው ቢያንኳኩልኝ እወዳለሁ። ተነሥቻለሁ ብል አይመኑኝ፣ ደግመው ያንኳኩ። በነገሌ ለበላይ አካል አቤት የምለው በክቡርነትዎ ላይ ነውና፣ እንዳልዘገይ አደራዎን።