ከእህታችን ጋር በአንድ ጨለማ ያየሁት ፊልም

ወንድሜ ኢሲሌሊ፣

ማናሴ ዋሸኝ፤ ዋሽቶም እኔንና እህታችን ሎሎሄያን በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ጨለማ፣ አንድ ፊልም አሳየን። የተደረገብኝ በደል ይህ ነው። ከሰላምታ በፊት በደሌን ማስቀደሜን አትቀየምብኝ፤ ከሆዴ ካልወጣ ሰላምታውም አይጣፍጥም።

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ የኦክላንድን ብርድ ቻለው? ባለቤትህ ፓኤያ ደኅና ናት? ሳሏስ ተዋት? እኔ ከዓይኔ መድከም በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ቦዬው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። ቫኒላው ግን ዝናብ በዝቶበት ፍሬው ሳይደርስ ረገፈ።

ማናሴ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ዓርብ ዓርብ ፊልም በነጻ እንደሚያሳይ ከዚህ በፊት ጽፌልሃለሁ። ፊልሙ ሲያልቅ መብራት ይበራና ሠሪው ወደፊት ወጥቶ ለጠየቀው ሁሉ ይመልሳል። እኔ ትምህርት ቤት ያልገባሁ፣ ንባብን ከመጽሐፍ ቅዱስና ከአሮጌ ጋዜጣ ብቻዬን የለቀምሁ ሰው ነኝና፣ ሠሪውን ፊት ለፊት መጠየቅ ደስ ይለኛል። አንድ ጊዜ ከፊጂ የመጣች ሴት የሠርግ ፊልም አሳየችን። በፊልሙ ላይ የታረደውን አሳማ ማን በላው ብዬ ጠየቅኋት። ካሜራ የያዙት ልጆች በሉት አለች። ባለቤቱስ ምን ደረሰው ብላት፣ “እሱማ ጩኸቱ ደረሰው” አለችና ሰው ሁሉ በሳቅ ወደቀ። ከኋላዬ የሚቀመጡት አሮጊቶች እጄን ባወጣሁ ቁጥር “ይኸው ጀመረው፤ ዛሬም እራታችን ሊቀዘቅዝ ነው” ይሉኛል። ይበሉ።

ባለፈው ሳምንት የሎሎሄያ የልጅ ልጅ ቲሞቴ፣ እናንተው ዘንድ ያደገው፣ የመጀመሪያ ፊልሙን ይዞ መጣ። አንተ ታውቃለህ፤ አባታችን በልጅነቴ መኝታዬን ወደ ወንዶቹ ጎጆ ካወጣው ጀምሮ እሷ ባለችበት ፊልም አይቼ፣ ቀልድም ቀልጄ አላውቅም። እሷ ስትገባ እኔ እወጣለሁ፤ በወጋችን ወንድም ለእህቱ የሚሰጠው ክብር ነው። ስለዚህ ዓርብ ለእኔ፣ ቅዳሜ ለእሷ እንዲታይ ከማናሴ ጋር ተስማማን። ኋላ የልጁ በረራ ወደ ቅዳሜ ጠዋት ተዛወረ። ማናሴ ይህን ደበቀኝ። ለእሷ ደግሞ ወንድምሽ ጉንፋን ጥሎታል ብሎ፣ መብራት ከጠፋ በኋላ በጓሮ በር አስገብቶ ከኋላ አስቀመጣት። አዳራሹ እንዲሞላለትና አያቱም የልጁን ፊልም እንድታይ ብሎ ነው።

ፊልሙ ስለ አንድ ቫኒላ ተካይ ጎረምሳና ስለሚወዳት ልጅ ነው። ከማድረቂያው ጎጆ ጀርባ የሆነውን አልጽፈውም። የልጅቷ አባት ሲደርስ ጎረምሳው ሱሪውን በእጁ ይዞ አጥር ዘለለ። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ይባስ ብዬ ወንዶች ብቻቸውን ሲሆኑ የሚሉትን ቃል ጮክ ብዬ ተናገርሁ። መብራት ሲበራ ዞር ብል፣ ሎሎሄያ የክብር ምንጣፏን ወገቧ ላይ እንደታጠቀች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ተቀምጣለች።

ቲሞቴ ማይክሮፎኑን ይዞ “አያቴ ሳሚሶኒ፣ እርስዎን ፈርቼ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ በሉ ይጠይቁኝና ልገላገል” አለኝ። ጥያቄ ነበረኝ። ግን እሷ እየሰማች ስለዚያ ፊልም አፌን እንዴት እከፍታለሁ? ባርኔጣዬን አንስቼ ወጣሁ። አንዷ አሮጊት “ፊልሙ ለሽማግሌው ጨው በዝቶበታል” ስትል ሰማሁ። ልጁም ፊልሙን ንቄ የወጣሁ መሰለው። በማግስቱ ሳይሰናበተኝ በረረ፤ ይህን ፊልም ከእንግዲህ ለማንም አላሳይም ማለቱንም ሰማሁ። እንቅልፍ የነሳኝ ይኸኛው ነው።

ማናሴ እንደ ወጋችን ጥሩ ምንጣፍ ይዞ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ። እሱም ይቅርታ ከሆነ፣ “አጎቴ፣ ዘመኑ ተለውጧል እኮ፤ ደግሞስ በጨለማ ማን ያያል?” አለኝ። ጆሮ መብራት አይፈልግም አልሁት። ምንጣፉን ለእህቴ ውሰድ ብዬ በሩን ዘጋሁ።

እዚህ ለማንም ላስረዳ አልችልም። ላስረዳ ብል የሳቅሁበትን መናገር፣ እህታችንንም ሁለተኛ ማሳፈር ይሆናል። ስለዚህ አንተ ቲሞቴን ቤትህ ጥራው። የወጣሁት ለአያቱ ክብር እንጂ ፊልሙን ጠልቼ እንዳልሆነ ንገረው። ፊልሙ ጥሩ ነው፤ እኔ ይህን ቃል እንደማላባክነው ያውቃል። ጥያቄዬንም አድርስልኝ፦ በመጨረሻ አባትየው ደጃፍ ላይ ብቻውን ቆሞ ልጁ የሄደችበትን መንገድ ሲያይ፣ ለምን ያን ያህል አቆየኸው? ሌላ ሠሪ ቶሎ ይቆርጠው ነበር። እኔ ግን መቆየቱን ወደድሁት። እንዳይቆርጠው፤ ፊልሙንም እንዳይደብቀው።

ፓኤያን ሰላም በልልኝ፤ ብርዱ ሲበረታ ደረቷን ትሸፍን። ለልጅህ ለሴማ ንገርልኝ፣ ሥራ መግባቱን ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ጠዋት አይርፈድበት። ትንሿ ኡኒካ ቋንቋችንን እንዳትረሳ እቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ አትመልሱላት። የሰላምታዬ መጨረሻ ለአንተ ነው፤ ጤናህን ያብዛልኝ።

ቲሞቴ ለጥያቄዬ የሚሰጠውን መልስ መስማት እፈልግ ነበር። ሆኖም አትጻፍልኝ፣ በስልክም አታንሳብኝ። ስለዚያች ማታ ከዚህ ወረቀት ሌላ ቃል ከእኔ አይወጣም፤ ለሎሎሄያም፣ ለማናሴም፣ ለአንተም።

ታላቅ ወንድምህ ሳሚሶኒ
ኔያፉ፣ ቫቫኡ ደሴት
ጁላይ 16 ቀን 2013