ኑ ወይም ና

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 14

ለምወድሽ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። የእኛ ደህና እንዴት ያለ እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። እማዬ ሥራ ጀምራለች። አባባም የልብስ ስፌት ሱቁን ከፍቷል፤ ደንበኛ ሲመጣ ግን «በቀጠሮው ይደርሳል» ከማለት በቀር ቃል አይወጣውም። የወንድማችን አልጋ እንደተነጠፈ ነው። ማንም አይቀመጥበትም።

የጻፍሽልኝ ደርሶኛል። «የብስክሌቱን ነገር ተወው፣ እሱ ከሌለ ምን ያደርጋል» ብለሻል። ተናድጄብሽ ነበር፤ አሁን በርዶልኛል።

እኔና እሱ ያቺን ተራራ በተራራ የሆነች ደሴትሽን በብስክሌት ከሰሜኑ ወደብ ተነስተን እስከ ደቡብ ጫፍ፣ እስከ በርሽ ድረስ ልናቋርጣት ነበር። ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ ካርታውን ደረቱ ላይ ዘርግቶ ይስቅብኝ ነበር። «ፍሬኑ፣ ይቺን ዳገት እየገፋህ ነው የምትወጣት» ይለኛል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስለማልለቅ ያወጣልኝ ስም ነው።

«ቁልቁለቷንስ?» አልኩት።

«እሷንም እየገፋህ ነው።»

ነርሷ ሳትቀር ሳቀች።

ባለፈው ሳምንት ካርታውን ሱቅ ወስጄ አባባ ጨርቅ የሚቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። በየጠመዝማዛው ስፒል እየተከልኩ መንገዱን በክር ስለካ አባባ ከስፌት መኪናው ቀና አለ።

«ምንድን ነው የምትለካው?»

«መንገድ።»

«አገሩ ሜዳ ነው?»

«ኧረ ተራራ ነው።»

«ታዲያ የተሸበሸበ ጨርቅ እንዲህ ይለካል? ሽብሽቡ ውስጥ የገባውን ማን ሊቆጥርልህ ነው?»

ክሩን ከእጄ ወስዶ በደንብ አስረዝሞ ቆረጠው። ከቀብሩ ወዲህ ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

በማግስቱ የወንድማችንን የዝናብ ካፖርት ፈትቶ ሁለት የብስክሌት ቦርሳ መስፋት ጀመረ። እማዬ ከሥራ ስትመለስ ካፖርቱን አወቀችው።

«ለማን ነው?»

«ለሚሄደው።»

የምትጮህ መስሎኝ ነበር። ከወለሉ ላይ እጅጌውን አነሳችና አጣጥፋ ያዘችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እህትህ ‹ና› ካለችህ ትምህርት ሲዘጋ ትሄዳለህ። እሷ ሳትጠራህ ግን ከዚህ ቤት እግርህን አታነሳም።»

አንዲት ፊደል ናት ብዬ ደስ አለኝ። ቀላል መስሎኝ ነበር።

በኋላ የድሮ ደብዳቤዎችሽን አወጣኋቸው። ሁሉም «ኑ» ነው የሚሉት። «መቼ ነው የምትመጡት፣ ኑ እንጂ።» «ዝናቡ ሳይገባ ኑ።» የመጨረሻው ላይ ብቻ የለም። ለምን «ተወው» እንዳልሽ ያኔ ገባኝ። «ኑ» እንዳትዪ እኔ አንድ ነኝ። «ና» ብትዪ ደግሞ፣ ከጻፍሽው በኋላ አይሰረዝም።

እኔም ያው ነኝ እኮ። ጎረቤታችን ስለ ጉዞው ስትጠይቀኝ «ትምህርት ሲዘጋ እንሄዳለን» አልኳት። አየችኝና አላረመችኝም።

ዳገቱን እየገፋሁ እወጣለሁ፤ ስለሱ አትስጊ። ከበርሽ በፊት ያለችው የመጨረሻዋ ቁልቁለት ግን ካርታው ላይ እንኳ ታስፈራለች። ከሥራ ወጥተሽ እግሯ ሥር ብትቆሚልኝ ፍሬኑን የምለቅ ይመስለኛል። እሱ ሳያይ መሆኑ ነው የሚቆጨኝ።

ስለዚህ እትዬ፣ ጥሪኝ። «ና» ለመጻፍ እጅሽ እንቢ ካለሽ «ኑ» ብለሽ ላኪው። እማዬን እኔ አስረዳታለሁ።

ፈጣሪ እዚያ ብቻሽን የምትወጪውን ዳገት ያቅልልሽ፤ በሰላም ያገናኘን።

ታናሽሽ፣
ፍሬኑ