የተቆረጠውን ዘለላ ወደ ቦታው ስለመመለስ

ይድረስ ለተከበሩ የእንሰት ውጤቶች መሸጫ አዳራሽ አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ወልቂጤ

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤናን፣ ለቤተሰብዎ ሰላምን፣ ለማኅተምዎም የማይደርቅ ቀለምን እመኛለሁ። እኔ ወልቂጤ መናኸሪያ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ባነር፣ ስቲከርና የሱቅ ማስታወቂያ የምሠራዋ ናጃህ ዑመይር ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት ክቡርነትዎን ለማሳጣት አይደለም፤ ቢሮዎ አራት ጊዜ መጥቼ አራቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ምናልባት በስብሰባው መሀል ስልክዎን ሲነካኩ ያገኙት ይሆናል ብዬ ነው።

ጉዳዩ ጉብሬ ላይ ስለተሠራው አዲስ አዳራሽ ነው። የቸሃ ሠላሳ ሁለት እናቶች ቆጮና ቡላ እያዘጋጁ ለዓመታት መንገድ ዳር ላስቲክ አንጥፈው፣ ዝናብ ሲመጣ ላስቲኩን ከሥር አንስተው ቡላውን እያለበሱ፣ ራሳቸው እየበሰበሱ ሲሸጡ ኖረዋል። ጽሕፈት ቤትዎ በአዳራሹ ውስጥ ቦታ ሲፈቅድላቸው ያስቀመጠው ግዴታ አንድ ብቻ ነው፦ እንሰትን እንዲያሳይ የጸደቀው ዓርማ እስከ ዓርብ ተሠርቶ፣ የእናቶቹ ማኅበር ሰብሳቢ ወይዘሮ ነዒማ በጣት አሻራቸው አረጋግጠውት ካልቀረበ፣ ቦታው ለተረኛ ይሰጣል። ዛሬ ረቡዕ ነው። እኔ ከሰኞ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኝ ከላፕቶፑ ወደ በር፣ ከበር ወደ ላፕቶፑ እመላለሳለሁ። ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. የዓርማውን ምስል በቴሌግራም ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። ከኢንተርኔት የወረደው ይህ ምስል ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አይበልጥም፤ ትእዛዝዎ ደግሞ አራት ሜትር ሆኖ በአዳራሹ ግንባር ላይ እንዲለጠፍና እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው እንዲለወጥ ተደርጎ እንዲሠራ ነው። እንዲህ ያለ ምስል የነጠብጣብ ክምችት ስለሆነ ሲለጠጥ ይደበዝዛል። መዳኛው በፕሮግራሙ ውስጥ አስገብቶ በመስመር የተከበቡ፣ እየተነጣጠሉ የሚነሱና የሚታረሙ ቅርጾች ማድረግ ነው፤ ቬክተር የምንለው ይህንን ነው።

2ኛ. ባለሙያዎ አቶ ምስጋና ይህ ሥራ «አንድ ቁልፍ መጫን» እንደሆነ ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። ቁልፉን ተጫንኩ። ፕሮግራሙም በታዛዥነት ሁለት ሺህ ስድስት መቶ አሥራ አራት ቁርጥራጭ ሰጠኝ። አንዱ ቅጠል ብቻ ሦስት መቶ ቦታ ተበጣጥሷል። የምስሉ ባለቤት ጥግ ላይ በስሱ የጻፈው ስም ሳይቀር ቅርጽ ሆኖ ወጥቷል፤ ስቲከር መቁረጫው ማሽን ደግሞ መስመር ካየ ይቆርጣል እንጂ ይህ አስፈላጊ ነው፣ ይህ አይደለም አይልም። ስለዚህ መብራቱ እየሄደ እየመጣ፣ ቁርጥራጩን አንድ በአንድ እያነሳሁ የሚገጣጠመውን ሳጋጥም፣ የማያስፈልገውን ስጥል ሦስት ቀን ዋልኩ።

3ኛ. ይህኛው ከባድ ነው። ቅርጾቹ ከተለያዩ በኋላ ትልቁን ቅጠል ይዤ ወደ ጎን ሳንሸራትተው ከሥሩ ቢጫ ነገር ብቅ አለ። አጉልቼ አየሁት፤ ዘለላ ነው። አሥራ አንድ ጣት ቆጠርኩ። የተከበሩ ኃላፊ፣ እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ስለ እንሰት ከእርስዎ በላይ አውቃለሁ ብዬ መድፈር አልፈለግኩምና ወይዘሮ ነዒማን ጠራኋቸው። ከቸሃ በሚኒባስ መጡ፣ መነጽር ተውሰው ስክሪኑን አዩ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፣ ከዚያ ሳቁን አቆሙ። «ወላሂ ይኼ ሙዝ ነው» አሉኝ። እንሰት አርጅቶ ቢያብብ እንኳ ፍሬውን በልቶ የሚያድር ሰው እንደሌለ፣ ግንዱም ከታች ሰፋ ቅጠሉም ወደ ላይ ቆም እንደሚል፣ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ ብለው ነገሩኝ።

ቅርጽን መለያየት ጥቅሙ እንዲህ ባለው ቀን ነው። ዘለላውን መርጬ አጠፋሁት፣ ግንዱን ከሥሩ አሰፋሁት፣ የቅጠሉን አከርካሪ ከወይዘሮ ነዒማ ጓሮ ከተነሳ ፎቶ አይቼ አቀላሁት። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ ክቡርነትዎ ከተወለዱበት ቤት ጓሮ የቆመውን ትተው ከባሕር ማዶ ሙዝ ማስመጣትዎን ግን ከዚህም በላይ አርቆ አሳቢነት ብዬ ወስጄዋለሁ።

4ኛ. ሥራዬን «ከጸደቀው ምስል ላይ የተቀነሱ አካላት ስላሉ ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ» በሚል ባለማኅተም ደብዳቤ ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። አስረድቼ ላክሁ፤ ተመለሰ። ከእንሰቱ ፎቶ ጋር አያይዤ ላክሁ፤ ፎቶው «ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም» ተብሎ ተመለሰ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። አቶ ምስጋናን አልወቅሳቸውም፤ እሳቸውም ሙዝ መሆኑን እንዳዩ፣ ነገር ግን ሰባት የኮሚቴ አባላት ስለፈረሙበት እንደገና ማቅረብ አንድ ወር እንደሚፈጅ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነግረውኛል። ሰባት ሰው ፈርሞበታል! የጉራጌ ልጅ ሰባት ሆኖ ተቀምጦ እንሰትና ሙዝ ሳይለይ ከቀረ፣ ወይ ማንም ምስሉን አላየውም፣ ወይ ሁሉም አይቶ ሌላው ይናገር ብሏል።

5ኛ. አሻራው የሚያርፍበት ቅጽ «ከላይ የሚታየው ምስል እንሰት መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል። ወይዘሮ ነዒማ ትናንት ጣታቸውን ቀለሙ ላይ አሳርፈው፣ ወረቀቱ ላይ ሊያኖሩት አንድ ስንዝር ሲቀር መልሰው በሻሻቸው ጠረጉት። ስድስት ልጅ ያሳደግኩበትን ነገር በሐሰት አልመሰክርበትም አሉ። ማኅበሩ በዚህ ተከፍሏል፤ ግማሾቹ ምስል ምን ያደርጋል፣ ዝናቡ ነው የሚገድለን፣ ጣትሽን አኑሪ ይሏቸዋል። ትክክል ናቸው። እሳቸውም ትክክል ናቸው። በቀን ሦስት ጊዜ እየደወሉ ምን ተባለ ይሉኛል፤ ምንም አልተባለም እላቸዋለሁ፤ ይህን ስል አፍራለሁ፣ እናደዳለሁም። ሁለት ትክክለኛ ሰዎችን ማጣላት ከባድ ጥበብ ነውና ለዚህም ሊመሰገኑ ይገባል።

የምለምንዎ ትንሽ ነው። የታረመውን ዓርማ ለአንድ ደቂቃ ይዩትና ይፈርሙበት። ዓርብ ከመድረሱ በፊት ለመቁረጥ ማሽኔ ዝግጁ ነው።

ደጅዎ ላይ ካሉት አምስት ወንበሮች የሚነቃነቀው የትኛው እንደሆነ ለይቼ ያወቅሁ፣ ጸሐፊዎ በስሜ ሳይሆን «ሙዟ» ብላ የምትጠራኝ፣ ትእዛዝዎን እስከ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ቁርጥራጭ ድረስ የፈጸምኩ አክባሪዎ፣

ናጃህ ዑመይር
ከወልቂጤ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ከቢሮዎ ለወይዘሮ ነዒማ ተደውሎ፣ የፊታችን ሰኞ ለአዳራሹ ምርቃት ምሳ ለአርባ የክብር እንግዶች ከክትፎ ጋር የሚቀርብ ቆጮ ማኅበሩ እንዲያዘጋጅ ታዟል። እናቶቹ ወዲያው ተሰብስበው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ አንድ ተቃውሞ ተስማምተዋል፦ የሚቀርበው ክቡርነትዎ ዓርብ የሚያጸድቁት ምስል ላይ ያለው ይሆናል። ዘለላው ይመለስ ካሉ አርባ እንግዳ የሚያጠግብ ሙዝ ከጉብሬ ገበያ ይመጣል። ስለሆነም ከክትፎው ጋር ተልጦ ይቅረብ ወይስ እንግዶቹ ራሳቸው ይላጡት የሚለውን፣ እንደተለመደው በማኅተም አረጋግጠው እንዲያሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።