እማዬ ብቻዋን የላከችው ድምፅ

ይድረስ ለምሳሳልህ ወንድሜ ለአብዱልጀባር፦

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከረምክ ወንድምዬ? ጀርባህስ ተሻለህ? አብረውህ ያሉት የአገራችን ልጆችስ ደኅና ናቸው? እኛ አልሃምዱሊላህ ደኅና ነን፤ ጤፉም ታጭዷል። ይህን በስልክ ያልነገርኩህ እማዬ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። ከእናንተ ዘንድ ለዕረፍት የመጣው ኑርዬ ሊመለስ መሆኑን ስሰማ በእሱ እጅ ልልክልህ ጻፍኩት።

እንደምታውቀው የእማዬ ዓይን ከጠፋ ወዲህ ለአንተ ድምፅ ስትልክ ስልኩን የምንነካላት እኔ ወይም ጎረቤታችን ራህመት ነን። እናት ለልጇ የምትለውን ሁሉ እኛ ቆመን እንሰማለን። «ደኅና ነኝ፣ አላህ ይጠብቅህ» ብላ የምታቆመው የምትለው ጠፍቷት እንዳይመስልህ።

ዘንድሮ ደሴ ኮምፒውተር የሚያስተምሩን መምህርት ሕይወት ከውጭ አገር ተማሪዎች ጋር በቡድን መደቡን። እኔና የክፍሌ ልጅ የውጫሌው ዝናው፣ ከአንዲት የኢንዶኔዥያ ልጅና ከአንድ የፖላንድ ልጅ ጋር በኢንተርኔት እየተገናኘን፣ ዓይነ ስውር ሰው ያለ ረዳት ድምፅ የሚልክበት የስልክ መተግበሪያ እንድንሠራ ታዘዝን። ለማን ብዬ እንደሠራሁ ታውቃለህ።

የመጀመሪያውን እማዬን አስሞከርናት። ልጆቹ በቪዲዮ እያዩ እንዴት ነው ሲሏት «ማሻአላህ፣ እጃችሁ ይባረክ፣ እንከን የለውም» አለች። ፖላንዳዊው በደስታ ጮኸ፤ እሱ የኛን ይሉኝታ ከየት ይወቀው! በማግስቱ ግን ድምፅ እንድትልክላት ስልኩን ለራህመት ስትሰጣት አየሁ። ብዙ የደከመበት ፖላንዳዊው ነውና ለመናገር አፈርኩ። ኢንዶኔዥያዊቷም ጉድለቱን አስቀድማ አይታ ዝም ብላ ኖሯል። ይሉኝታ ባሕር ማዶም አለ ለካ! ዝም አይነቅዝም ብለን ሥራውን አስነቀዝነው።

መምህርት ሕይወት ግን በዋዛ አይታለሉም። እናትሽ ወደደችው ወይ አላሉኝም፤ ማን ነክቶላት ነው የምትልከው አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። ቅዳሜ ሐይቅ ድረስ መጥተው እማዬ አጠገብ ተቀመጡና ማንም እንዳይረዳት ከለከሉ። ያን ቀን የተሰማኝን ኀፍረት ለጠላቴም አልመኝለትም። ተናግራ ስትጨርስ ስልኩ ዝም ስለሚል መልእክቷ ይሂድ ይቅር አታውቅም። ሦስት ጊዜ ደጋገመችና «ልጆቼ፣ የእንግዳ ሥራ አይነቀፍም ብዬ እንጂ እኔስ ጨንቆኛል» አለች።

በቪዲዮ ሲያይ የነበረው ፖላንዳዊ ሲተረጎምለት ፊቱ ቀላ፤ ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም ብሎ ወቀሰን። መምህርታችን አልተቆጡም። «ጓደኛችሁ እንዳይከፋው ብላችሁ ዝም ስትሉ እሱንም እሷንም በደላችሁ» ብቻ አሉን። እንዲህ ያለ አስተማሪ ይብዛልን! ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ተጨቃጨቅን፣ ተኮራረፍን፣ ታረቅን፣ ሠራን። አሁን መልእክቱ ሲሄድ ስልኩ እጇ ላይ ይንቀጠቀጥና «ሄዷል» ይላታል።

ሐሙስ ከዙሁር ሰላት በኋላ እማዬ ስልኩን ይዛ ጓዳ ገባች፤ በሩንም ዘጋች። ብዙ ቆየች። ስትወጣ አልቅሳ ነበር፤ ፊቷ ግን በርቷል። ለማወቅ ልቤ ቢሰቀልም ምን እንዳለችህ አልጠየቅኳትም። የሰማኸውን የሰማኸው አንተ ብቻ ነህ። ለእኔም አትንገረኝ፤ መልሱን ለእሷ መልስላት።

አብሮህ ላለው ለዑበይዱላህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። አባባ ጀርባህን እንዳትጎዳ አደራ ብሎሃል። ትንሿ እህታችን ሪታጅ ሁለት ጥርሷ መውለቁን ጻፊልኝ ብላኛለች። ራህመትም ሰላም ብላሃለች። የእማዬን ሰላምታ ግን እኔ አልጽፍልህም፤ እሷ የራሷን ልካለች።

እህትህ ኢቲሳም
ሐይቅ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2018 ዓ.ም.