ያልተቸከለው ቀለበት

ማክሰኞ

«ቸክያቸዋ!» አለኝ። እንዲህ በቀላሉ። ዶክተሩ፣ አማካሪዬ፣ የማስተርስ ጽሑፌ ላይ የሚፈርመው ሰውዬ። አዲስ አበባን ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ሰበብ በተነሳው ረብሻ ከሰበታ አዲስ አበባ የሚያስገባው መንገድ ስለተዘጋ በስልክ ነው የተነጋገርነው። ንዴቴ እስካሁን አልበረደም።

እንደ ማርሽ ጥርስ ያለው ቀለበት ነድፌያለሁ፣ ከካርቦን አቶሞች ብቻ የተሠራ። በኮምፒውተር ውስጥ ነው ያለው። በእጁ የሠራው ሰው የለም፣ እኛ ጋ ደግሞ አቶም ለቅሞ የሚገጣጥም መሣሪያ በሕልምም የለም። ኮምፒውተሩ ነው ወርክሾፔ። እያንዳንዱ አቶም ጎረቤቱን እንዴት እንደሚስብና እንደሚገፋ ያሰላል፣ እንደ ክፍሉ ሙቀት ያንቀጠቅጣቸዋል፣ ከዚያ ቀለበቱን ያሽከረክራል። የኔ ቀለበት ትንሽ ይዞርና ይፈርሳል። ጥርሶቹ ይነቀላሉ።

ዶክተሩ ደግሞ ስብሰባ ላይ ሊያሳየው ይፈልጋል። ፕሮግራሙ አቶሞችን ቀለበቱ ላይ ባሉበት ቸክሎ መያዝ ይችላል። የተቸከለ ጥርስ አይነቀልም። «አሽከርክሪውና እስከ ቅዳሜ ይድረሰኝ። የሚፈርስ ነገር ይዤ ሰው ፊት አልቆምም። አለዚያ ዘንድሮ መመረቁን እርሺው።»

ታዲያ ይሄ ምኑ ነው ምርምር? ካርቱን ነው እንጂ! እናቴ ሆሳዕና ከተማ ሆና የምረቃዬን ቀን ትጠብቃለች። ያንን ሳስብ ደግሞ ንዴቴ ወደ ፍርሃት ይዞራል።

ረቡዕ

ወይዘሮ ዘይነባ ሱቅ ዋልኩ። ኮምፒውተር የማስተምረው እዚያ ነው። ፎቶ ኮፒ፣ የቀለም ፕሪንት፣ አራት ኮምፒውተሮች። ረብሻው ከጀመረ ወዲህ ተማሪም ደንበኛም የለም፣ ኢንተርኔትም የለም። ስለዚህ አራቱንም አገናኝቼ ስሌቱን አከፋፈልኳቸው። ሰው ተኩስ ፈርቶ ቤቱ ሲቀመጥ ለኔ ሥራ መመቸቱ አሳፈረኝ። ግን ሠራሁ።

መጀመሪያ ቸክዬ ሞከርኩት። አዎ፣ ሞከርኩት! ቀለበቱ ሲዞር እንዴት እንደሚያምር። ወይዘሮ ዘይነባ ከኋላዬ ቆማ «ወላሂ ማርቲ፣ ጌጥ ነው የሚመስለው» አለች። በትልቅ ወረቀት በቀለም አተምኩላት። መሀሉ ላይ ድቡልቡል እምብርት፣ ከእሱ የሚወጡ መስመሮች፣ ዙሪያውን ጥርሶቹ በየቀለማቸው። የሱቁ መስታወት ላይ ለጠፈችው፣ ከሥሩ «የቀለም ፕሪንት እናወጣለን» ብላ ጽፋ።

እኔም አልከለከልኳትም። እንዲያውም ደስ አለኝ።

ቤት ስገባ አከራዬ ኦቦ ቶለሳ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ከጓሯችን ጀርባ ያለው የጤፍ ማሳቸው ውስጥ መሬት ለኪዎች መጥተው ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ከተከሉበት ቀን ጀምሮ እህል በወጉ አይበሉም። «አከም ጅርታ ኢንተላ ኮ»፣ እንዴት ነሽ ልጄ፣ አሉኝና ፊታቸውን ወደ ማሳው አዞሩ።

ሐሙስ

ምን ዓይነት ቀን ነው!

ጠዋት የሰፈሩ ወጣቶች ሱቁ በር ላይ ተሰበሰቡ። ሥዕሌን እያሳዩ «የማስተር ፕላኑ ካርታ እዚህ ነው ለካ የሚታተመው!» ይላሉ። አንዱ ጣቱን መስታወቱ ላይ አድርጎ ያስረዳል፦ መሀሉ አዲስ አበባ፣ ይቺ ሰበታ፣ ይቺ ቡራዩ፣ ወዲያ ያለችው ሱሉልታ። አዲስ አበባ እየዋጠቻቸው ነው አለ።

ወጥቼ «ይሄ እኮ ሞለኪውል ነው!» ብዬ ጮህኩ። ሳቁብኝ። «ሞለኪውልሽ መሬታችንን ምን አደረገው?» አለኝ ጣቱን የቀሰረው ልጅ። አንዱ ድንጋይ ይዟል። ወይዘሮ ዘይነባ መዝጊያውን ለማውረድ ትታገላለች። በጣም የሚያናድደው፣ ልጁ እየጠቆመ ሲያሳየኝ ለኔም ካርታ መሰለኝ። በዚህ ሳምንት፣ በዚህ ከተማ፣ እንዲህ ያለ ሥዕል መስታወት ላይ የሚለጥፍ ከእኛ በቀር ማን አለ?

ኦቦ ቶለሳ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። ሥዕሉን አስተውለው አዩና «ኩን ማሊ?» አሉኝ፣ ምንድነው ይሄ። የማይታይ ትንሽ ነገር ነው፣ ኮምፒውተር ላይ የሠራሁት የመማሪያ ሥራዬ ነው አልኳቸው። ለልጆቹ በኦሮምኛ ነገሯቸው፣ ብዙውን አልሰማሁትም፤ ብቻ ድንጋዩ ወደቀ። ሥዕሉን ግን ልጆቹ ገንጥለው ቀዳደዱት። ወይዘሮ ዘይነባ ሱቁን ቆልፋ እያለቀሰች ሄደች። ይሄ ሁሉ የመጣው በዶክተሩ ካርቱን ምክንያት ነው!

ማታ ኦቦ ቶለሳ ጠሩኝ። «የኔንም መሬት እንዲሁ ኮምፒውተር ላይ ነው የሣሉት» አሉ። ከዚያ ጠየቁኝ፦

«አንቺ ስትሥይ ማንን ትጠይቂያለሽ?»

«አቶሞቹን ነዋ፣ ኦቦ። ኮምፒውተሩ እነሱን የመጠየቂያ መንገድ ነው። ሥዕሉ ካልተስማማቸው ይፈርሳል።»

«እምቢ ማለት ይችላሉ ማለት ነው?»

«ይችላሉ።» ከዚያ እውነቱን መናገር ስላለብኝ «ካልቸከልኳቸው» አልኩ።

ችካል ምን እንደሆነ ለእሳቸው ማስረዳት አላስፈለገኝም። ቀና ብለው አዩኝ። አስተያየታቸው ከዶክተሩ ጩኸት ይልቅ ከነከነኝ።

ዓርብ

ወይዘሮ ዘይነባን ለምኜ ሱቁን አስከፈትኳት። መዝጊያውን አውርደን ውስጥ ተቀመጥን። ተቆጥታኛለች፣ ግን ሻይ ሰጠችኝ። መብራት ሁለቴ ሄደ፣ ሁለቴም ከቆመበት ቀጠልኩት። (ስሌቱን በየመሀሉ ማስቀመጥ ስለለመድኩ ነው። ትንሿ ድሌ።)

ችካሉን ነቀልኩ። ሁሉንም።

ፈረሰ፣ እንደ ወትሮው። ግን ዛሬ ከመናደድ ይልቅ ቀስ ብዬ እያስኬድኩ አየሁት። የሚነቀሉት ሁልጊዜ ሁለቱ ተጎራባች ጥርሶች ናቸው። በጣም አጠጋግቻቸዋለሁ፤ ሲሞቁ ይገፋፋሉ፣ መላወሻ የላቸውም። ተቸክለው ቢሆን ይሄን መቼም አላውቅም ነበር! አንድ ቀን እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ማሽኖች ኮምፒውተሩን ራሱን ይሠሩታል ይላሉ። ኮምፒውተሩ ዛሬ ስለ እነሱ ከዋሸ ግን ምኑን ይሠሩታል?

ጥርሶቹን አራርቄ እንደገና ነደፍኩት። ስሌቱን አስነስቼ ወጣሁ። ይቁም ይፍረስ አላውቅም።

ቅዳሜ

ለዶክተሩ ደወልኩ። የመጀመሪያው ቀለበት ይፈርሳል፣ የፈረሰበትንም ምክንያት አግኝቻለሁ፣ የማቀርበው እሱን ነው አልኩት። አዲሱም ገና እየተሰላ ነው፣ ቢፈርስም እንደፈረሰ ይገባል። ድምፄ እንዲህ ጠንካራ መሆኑ እኔኑ ገረመኝ። «ያልኩሽን አላደረግሽም?» አለ። አላደረግኩም አልኩ። «ፊርማዬን እንግዲህ ከአቶሞችሽ ጠይቂ» ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

አለቀስኩ። ለእናቴ ምን እንደምላት አላውቅም። መንገዱ ሲከፈት ትምህርት ክፍሉ ድረስ ሄጄ ሌላ ሰው ሥራዬን እንዲያይልኝ እጠይቃለሁ፣ ሰሚ ካለ።

ኦቦ ቶለሳ ከማሳው ሲመለሱ በር ላይ አገኙኝ። ዓይኔ ማበጡን አዩ፣ ስለ እሱ ግን አልጠየቁም።

«እነዚያ ትንንሾቹ፣» አሉ፣ «እምቢ አሉ?»

«አሉ፣ ኦቦ።»

«ጎበዞች» አሉና ችካሉ ከተተከለ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው። ከዚያ እራት ይቅረብልኝ ብለው ወደ ቤት ገቡ።