ፈገግ ያለውን ፊት ስለ መረጠው ወንድሜ

ለከተማችን ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ኃላፊ፣
ለተከበሩ ዶክተር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ፤ ምናልባት ሆድዎን ቢያምዎ፣ አመመኝ ሲሉ የሚያምንዎ ሰው እንዲገጥምዎ ከልብ እመኛለሁ።

ወንድሜ ሲቨርት ዳውን ሲንድሮም ያለበት የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው፤ ከፊዮርዱ የባሕር ሰርጥ ዳር ባለው ዳቦ ቤት የቀረፋ ዳቦ ይጠቀልላል። ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ሆዱን ይዞ ሲጎብጥ አይቼ ወደ እናንተ አመጣሁት። ስለ ተደረገልን መስተንግዶ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ነርሷ ከፈገግታ እስከ ልቅሶ ስድስት ፊቶች የተሳሉበትን የሕመም መለኪያ ካርድ ዘርግታ «የቱን ትመርጣለህ፣ የኔ ቆንጆ?» ስላለችው አመሰግናለሁ። ምረጥ ከተባለ የሚያለቅስ ፊት ማን ይመርጣል? ሲቨርትም ፈገግ ያለውን መረጠ፤ እናንተም «ሕመም፦ ዜሮ» ብላችሁ መዘገባችሁ።

ሁለተኛ፣ ሲቨርት ሲያመው አይጮኽም፤ ይቅርታ ይጠይቃል። ልጅ ሳለ ክንዱ ተሰብሮ ሁለት ቀን ሙሉ «ይቅርታ» ሲል ከሰነበተ በኋላ ነው የደረስንበት። ይህንኑ ለተረኛው ሐኪም ሦስት ጊዜ ብነግረው፣ «እነዚህ ሰዎች እኮ ሕመም ብዙም አይሰማቸውም፤ የተጨነቅሽው አንቺ ነሽ» ሲል በትዕግሥት አስተማረኝ። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው ኖሬ ይህን ሳላውቅ በመቅረቴ አፍሬያለሁ።

ሦስተኛ፣ በመዝገቡ ላይ «በሽተኛው እጅግ ትሑት ነው፤ አሥራ አንድ ጊዜ ይቅርታ ጠይቋል» የሚል ሰፍሯል። የቆጠረው ሰው ይመስገን። ወንድሜ አሥራ አንድ ጊዜ አመመኝ አላችሁ፤ እናንተ ጨዋነቱን አድንቃችሁ ወደ ቤት ሸኛችሁት። ትርፍ አንጀቱ በማግስቱ ጠዋት ወደ እናንተ ስመልሰው መኪናዬ ውስጥ ፈነዳ።

አራተኛውን በጨዋ ቃል ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ተናድጃለሁ።

ሲቨርት አሁን ሦስተኛ ፎቃችሁ ላይ ተኝቷል፤ ሐሙስ ለሁለተኛ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል። የምለምንዎ በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አንድ መስመር እንዲጻፍልኝ ብቻ ነው፦ «ይቅርታ ካለ አሞታል።»

ለከበረው ጊዜዎ ያለኝን የማያልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ሕመሙ ዜሮ ከሆነው ሰው አልጋ አጠገብ፣

ጉንሂልድ ሞልቪክ
የሲቨርት እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ጮክ ብዬ ሳነብለት ሲቨርት መሐል ላይ አቋርጦኝ «ዶክተሩን ይቅርታ በይልኝ» አለኝ። እኔ ወዲያው ደወሉን ተጭኜ ነርስ ጠራሁ። እርስዎ ምን ብለው እንደሚመዘግቡት ለእርስዎ ትቻለሁ።